ብርሃንና ፊደል፤ ከመቅደላ ዘመቻ እስከ እጅ ስልክ

የሰው ልጅ ድምፁ ከማይደርስበት ስፍራ ላለው ወገኑ ቃሉን ለማድረስ ከጥንት ጀምሮ በሦስት መንገድ ሲጠቀም ኖሯል። አንደኛው እግር ነው፤ ይኸውም መልእክተኛ መላክ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ይኸውም ነጋሪት መጐሰም፥ መለከት መንፋት፥ ደወል መደወል ነው። ሦስተኛው ብርሃን ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ፈጣኑ ብርሃን ሆኖ ሳለ፥ ለብዙ ዘመን ትንሽ ነገር ብቻ ሲናገር የኖረው እርሱ ነው። እግረኛው መልእክተኛ ረዥም ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ፥ በተራራ ላይ የተለኮሰው እሳት ግን «ጠላት መጣ» ወይም «በዓል ሆነ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ለማስረዳት አይችልም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በየኪሳችን የምንይዘው ስማርት ስልክ በካሜራው አማካይነት ከመብራት የሚላከውን ጽሑፍ ተቀብሎ በገጹ ላይ ሊያነብልን የሚችል ሆኗል። ሽቦ አያስፈልገውም፤ የሬዲዮ ሞገድም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መብራትና ዓይን ብቻ ነው። ይህ ነገር ለሰሚው ድንገት የወረደ ተአምር ይመስላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን ለመረመረው ሰው ግን የረዥም ጉዞ ፍሬ መሆኑ ይገለጥለታል፤ ከዚህም ጉዞ አንዱ ምዕራፍ በወሎ ምድር ያለፈ ነው። እኛም ይህን ታሪክ ለማንሣት የተነሣነው መሣሪያውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ከታሪኩ የሚገኝ አንድ ቁም ነገር አለና ነው፤ እርሱም በብርሃን ለመነጋገር ከመብራቱም ከዓይኑም ይልቅ ዘወትር የሚያስቸግረው በላኪና በተቀባይ መካከል ሊኖር የሚገባው ስምምነት መሆኑ ነው።

ስምምነት የሌለው ብርሃን

የደሴ ከተማ አመሠራረት ራሱ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። እንደሚነገረው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882፥ በዚያ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ ረዥም ጅራት ያለው ኮከብ በሰማይ ላይ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን በበጎ ተርጕመው በዚያ ከተማ እንዲቈረቈር አዘዙ፤ ስሙንም ደስታን በሚያመለክት ቃል ደሴ አሉት ይባላል። ኮከቡ በእውነት የታየ ስለ መሆኑ የሰማይ ተመራማሪዎች መዝገብ ምስክር ነው፤ በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የታየው ጅራታም ኮከብ ከብሩህነቱ የተነሣ በቀትር እንኳ ከፀሐይ አጠገብ ይታይ እንደ ነበረ በብዙ አገር ተጽፏል።

እንግዲህ ይህ አንድ ኮከብ በብዙ ሕዝብ ዓይን ታይቷል። ነገር ግን የሰማይ ተመራማሪው መንገዱን አሰላበት፤ የሚፈራው ሰው የመዓት ምልክት አደረገው፤ በወሎ የሰፈረው ንጉሥ ደግሞ የደስታ ምልክት አድርጎ ከተማ ቈረቈረበት። ብርሃኑ አንድ ነው፤ ትርጓሜው ግን እንደ ተመልካቹ ብዙ ነው። ከዚህ የምንረዳው ብርሃን ብቻውን መልእክት አለመሆኑን ነው። መልእክት ለመሆን ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል፤ እነርሱም አስቦ የሚልክ ላኪ፥ ነቅቶ የሚያይ ዓይን፥ በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ስምምነት ናቸው።

ስምምነት ያለው ብርሃን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደሴ በስተምዕራብ በምትገኘው በገራዶ፥ እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፥ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመስቀል ደመራ በተለኰሰ ጊዜ በማዶ ያለው ሰው ነበልባሉን አይቶ ምን እንደ ሆነ ማንንም አይጠይቅም። የረመዳን ጨረቃ በምዕራብ በኩል እንደ ቀጭን ማጭድ ብቅ ባለች ጊዜም እስላሙ ወገን ጾሙ መግባቱን፥ ወሩም ሲፈጸም በዓሉ መድረሱን ያውቃል። ደመራው ቃል አልተናገረም፤ ጨረቃይቱም ጽሑፍ አልያዘችም። ሆኖም ስምምነቱ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ስለ ሆነ የሺሕ ሰው ልብ በአንድ ጊዜ ይረዳቸዋል። ጉድለታቸው ግን እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ መናገራቸው ነው። በደመራ ደብዳቤ አይጻፍም።

በብርሃን ደብዳቤ ለመጻፍ የተደረገ ሙከራ

በዓይን በሚታይ ምልክት ማንኛውንም ቃል፥ ፊደል በፊደል ወይም ቃል በቃል፥ ወደ ሩቅ አገር ለማድረስ በሰፊው የተሳካለት ክሎድ ሻፕ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። እርሱ በየኮረብታውና በየሕንጻው ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀሱ የእንጨት ክንዶች ያሏቸው ማማዎች አሠራ። በእያንዳንዱ ማማ ላይ ያለው ሠራተኛ የጎረቤቱን ማማ በመነጽር እያየ የክንዶቹን አቀማመጥ ይደግማል፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ ያደርጋል። የመጀመሪያው መስመር የተዘረጋው ከፓሪስ እስከ ሊል ከተማ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 በሰሜን በኩል የተገኘውን የጦር ድል ወሬ ለፓሪስ አድርሷል። የሊልን ስም አንባቢያችን ያስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የሻፕ ማማ በቀን ብቻ የሚያገለግል፥ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች በሌሊት የሚሠራና በበቅሎ ተጭኖ የሚጓዝ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በ1860ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ኮሎም የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንንና ቦልተን የተባለው የምድር ጦር መኰንን መብራትን እየከፈቱና እየጋረዱ፥ አጭርና ረዥም ብልጭታ በማፈራረቅ የሚነጋገሩበትን ሥርዐት አወጡ። አጭሩ ብልጭታ አንድ ምልክት፥ ረዥሙ ሌላ ምልክት ሆኖ፥ የሁለቱ አደራደር ፊደልን ወይም ቍጥርን ያመለክታል።

ይህ ዘዴ ከታየባቸው የመጀመሪያ የጦር ዘመቻዎች አንዱ በአገራችን የተደረገው ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒዬር 13,000 ያህል ወታደር አስከትሎ በዙላ ወደብ ወርዶ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሰፈሩበት ወደ መቅደላ አምባ በዘመተ ጊዜ፥ ከሠራዊቱ ጋር 10ኛው የመሐንዲሶች ሻምበል አብሮ መጥቶ ነበር። የዚህ ሻምበል ሰዎች ልዩ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ገሚሶቹ በቀን በባንዲራ፥ በሌሊት በመብራት ብልጭታ መልእክት የሚያስተላልፉ ነበሩ። ገሚሶቹ ደግሞ ካሜራ ይዘው የዘመቻውን መንገድ፥ ተራራውንና ሰፈሩን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ነበሩ። ያነሧቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ድረስ ይገኛሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በመቅደላ ሲያርፉ፥ የብርሃን ፊደልና ካሜራ ሁለቱም በአምባው ሥር ነበሩ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። የመብራት ጸሐፊውና የካሜራው ሰው በአንድ ሻምበል ውስጥ አብረው እየተጓዙ፥ በአንድ ሰፈር እያደሩ፥ መሣሪያዎቻቸው ግን እርስ በርሳቸው ሊረዳዱ አይችሉም ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራ በመስተዋት ላይ አንድ ሥዕል ለመቅረጽ ብዙ ሰከንድ ጸጥታ ይፈልጋል። መብራቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ቢብለጨለጭ በመስተዋቱ ላይ የሚቀረው አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ካሜራው ዓይን ነበረው፤ ዓይኑ ግን ዘገምተኛ ስለ ነበረ የመብራቱን ንግግር ሊከተል አልቻለም። ስለዚህ የብልጭታው አንባቢ ሆኖ የቀረው የሰው ዓይን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከመቅደላ አምባ ላይ ሆኖ ያንን ብልጭታ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ወታደር ቢኖር፥ ብርሃኑን ያገኛል እንጂ ቃሉን አያገኝም። ዓይኑ ከእንግሊዙ ወታደር ዓይን አላነሰም፤ የጐደለው ስምምነቱን ማወቅ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ወገናችን ከበዙበት ጉድለቶች አንዱ ይህ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። የጠላቱ መልእክት በዓይኑ ፊት እያለፈ ሊያነበው የማይችል ሕዝብ፥ ተራራው ምንም ያህል ቢረዝም ምሽግ አይሆንለትም።

ከመቅደላ ዘመቻ 12 ዓመት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880፥ ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴንተር ጋር ሆኖ የሰውን ድምፅ በፀሐይ ብርሃን ላይ ጭኖ ላከ። በቀጭን መስተዋት ላይ ሲናገሩ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከመስተዋቱ የሚንጸባረቀው ጨረርም ከድምፁ ጋር እየደመቀና እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በማዶ ሴሌኒየም በተባለ ማዕድን የተሠራ ተቀባይ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ፥ ከዚያም ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። በዋሽንግተን ከተማ ከአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ላይ የተላከው ድምፅ 213 ሜትር ያህል ተጉዞ ተሰማ። ቤል ይህን ሥራውን ከስልኩም አስበልጦ ይቈጥረው ነበር። ነገር ግን ደመና ሲመጣ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል። ዓለም ሽቦውን መረጠ፤ ቀጥሎም ሬዲዮን። የብርሃን ንግግር ለብዙ ዘመን ከዕለት ተዕለት አገልግሎት ርቆ ቈየ።

መብራቱና ካሜራው እንዴት ተገናኙ

የተረሳውን ነገር እንደገና ያስነሣው የመብራቱ ዓይነት መለወጥ ነው። የቀድሞው አምፑል ብርሃን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ነው፤ የጋለ ነገር ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት አይቻልም ነበር። ኤልኢዲ የተባለው መብራት ግን ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ብርሃን ስለሚለውጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ሊበራና ሊጠፋ ይችላል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ሠርተው ነጭ የቤት መብራት እንዲገኝ ያደረጉት አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ሦስት የጃፓን ተወላጆች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ማሳኦ ናካጋዋ የተባሉት የጃፓን መምህርና ባልደረቦቻቸው፥ ይህ መብራት ቤት እያበራ በዚያው ጊዜ መልእክት ሊያስተላልፍ እንደሚችል በ2000ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት መጀመሪያ አሳዩ። በ2011 በኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሃራልድ ሃስ ላይፋይ የሚለውን ስም በዓለም ፊት አስተዋወቁ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ለብርሃን መልእክት የጋራ ደንብ አወጣ፤ በ2018 በተሻሻለው ደንብ ውስጥም በካሜራ የመቀበል ዘዴ ገባበት። ከፓሪስ የሻፕ መስመር በተዘረጋ በ221 ዓመቱ፥ በ2015፥ በዚያችው በሊል ከተማ ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በአንድ ታላቅ የካርፉር መደብር ጣራ ላይ የተተከሉት መብራቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መለያ ቍጥር እንዲልኩ አደረገ። ገበያተኛው ስልኩን ሲይዝ ካሜራው ቍጥሩን ከመብራቱ ያነብና በየትኛው መደርደሪያ አጠገብ እንደ ቆመ ያስረዳዋል። የታሪክ አጋጣሚ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ካሜራው የመብራቱን ብልጭታ እንዴት ያነባል? በ1860 ዓ.ም. ያልተቻለው አሁን እንዴት ተቻለ? ነገሩን በቀላሉ እናስረዳ። የስልክ ካሜራ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲቀርጽ በሰከንድ 30 ያህል ሥዕሎችን ያነሣል። በየሥዕሉ «በራ» ወይም «ጠፋ» የሚል አንድ ምልክት ብቻ ቢነበብ፥ ላኪውና ተቀባዩ እኩል ስለማይራመዱ፥ በሰከንድ በእርግጥ ሊያዝ የሚችለው 15 ምልክት ያህል ነው። ይህ አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ መብራቱ ሲጭበረበር ዓይን ያውካል።

ሆኖም አብዛኛው የስልክ ካሜራ ሥዕሉን በአንድ ቅጽበት ሙሉውን አያነሣም። የብራና አንባቢ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወደ ታች እንደሚወርድ፥ ካሜራውም እያንዳንዱን መስመር በተራ ይመዘግባል። የላይኛው መስመር ሲመዘገብ መብራቱ በርቶ፥ ቀጥሎ ያለው ሲመዘገብ ጠፍቶ ቢገኝ፥ በሥዕሉ ላይ አንዱ መስመር ነጭ፥ ሌላው ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ለሰው ዓይን ሳይቋረጥ የሚያበራ የሚመስለው መብራት በካሜራው ፊት እንደ ጥለት የተሸመነ ሆኖ ይታያል። ይህን አንባቢዎቻችን ሳያውቁት አይተውታል። በመብራት ሥር በስልክ ቪዲዮ ሲያነሡ በሥዕሉ ላይ የሚሄዱት ጥቁር መስመሮች ከዚሁ የተነሣ የሚመጡ ናቸው፤ በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያለ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ሊጭበረበር ይችላልና።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሥዕል 1,080 መስመር አለው እንበል። ለእያንዳንዱ ምልክት 20 መስመር ቢመደብ በአንድ ሥዕል ውስጥ 54 ምልክት ይጻፋል፤ በሰከንድ 30 ሥዕል ቢነሣ 1,620 ምልክት ይሆናል። በተግባር ግን በአንዱና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል የሚጠፋ ስላለ መልእክቱን ደጋግሞ መላክ ያስፈልጋል። መብራቱም ቅርብ መሆን ይኖርበታል፤ ከራቀ በሥዕሉ ላይ የሚሸፍነው ጥቂት መስመር ብቻ ነውና። ቢሆንም ከ15 ወደ ብዙ መቶ መድረስ ታላቅ እርምጃ ነው። በመቅደላ ሥር የተለያዩት የመብራት ጸሐፊና የካሜራ ሰው በመጨረሻ የተገናኙት በዚህ ዐይነት ነው።

የፊደላችን ዋጋ በብልጭታ ሲቈጠር

እንግዲህ መብራቱም ዓይኑም ተገኝቷል። ስምምነቱስ? እዚህ ላይ ነገሩ የእኛ ጉዳይ ይሆናል። የብልጭታ ፊደል በመጀመሪያ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የላቲን ፊደል 26 ብቻ ስለ ሆነ በጥቂት ምልክት ይወከላል። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል እስኪቀበል ድረስ፥ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ትርጕም የሌለው ምልክት የሚያይበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን «ሀ» በዓለም ሁሉ 4608 የሚል አንድ ቍጥር አገኘ፤ ሌሎቹም ተራቸውን ይዘው ተከተሉ። ይህ ድምፅ ሳያሰማ የተፈጸመ ትልቅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 8 «በራ ጠፋ» ሲፈልግ፥ አንድ የእኛ ፊደል 24 ይፈልጋል። ሰላም ማለት በእንግሊዝኛ በ5 ፊደል ተጽፎ በ40 ምልክት ሲላክ፥ በእኛ ፊደል በ3 ፊደል ተጽፎ 72 ምልክት ይጠይቃል። በአዝጋሚው መንገድ፥ በሰከንድ 15 ምልክት እየተላከ፥ ሰላም ለማለት 5 ሰከንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። የራሳችንን አጭር ሠንጠረዥ ብናወጣ 231ዱ ፊደላት በ8 ምልክት ይወከላሉ፤ 8 ምልክት 256 ዓይነት አደራደር አለውና። ያን ጊዜ ሰላም በ24 ምልክት ብቻ ይላካል። ነገር ግን ለዲቃሎቹና ለነጥቦቹ ሁሉ የሚበቃ ስፍራ አይቀርም፤ ከዚህም የሚከፋው ከእኛ በቀር ማንም የማያነበው ሠንጠረዥ ይሆናል።

ስለዚህ በፍጥነትና በስምምነት መካከል መምረጥ ግድ ነው። እኛ የምናምነው አጭሩ ሠንጠረዥ ለተለየ አገልግሎት ሊጠቅም እንደሚችል ነው፤ ነገር ግን ባለሙያዎች ተሰብስበው አንድ ጊዜ የሚያወጡት፥ በጽሑፍ ታትሞ ማንም የሚያገኘው መሆን ይገባዋል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ቢያወጣ ወደ ቀድሞው ግራ መጋባት እንመለሳለን፤ እርስ በርሳችንም የመቅደላው ወታደር የገጠመው ዕጣ ይገጥመናል።

በአገራችን የተጀመረው መንገድ

በመብራት ብልጭታ መቀበል በአገራችን ገና የዕለት ተዕለት ነገር አይደለም። ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ በእያንዳንዱ ሱቅ ገብቷል፤ እርሱም ኪውአር የተባለው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ነው። ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በጃፓን የተሠራ ሲሆን፥ በካሜራና በሚታይ ብርሃን መረጃ የመቀበል አንዱ መንገድ ነው። ልዩነቱ መብራቱ ቃሉን በጊዜ ሲደረድር፥ ኪውአር በስፍራ መደርደሩ ነው። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ከተሞች ነጋዴው ምልክቱን በሱቁ ለጥፎ፥ ገዢው በስልኩ ካሜራ አንብቦ ዋጋ ይከፍላል። ፋይዳ በተባለው የብሔራዊ መታወቂያ ወረቀት ላይም ይኸው ምልክት ታትሟል። በደሴ አራዳ ያለ ሻጭ ስለ ብርሃን ትምህርት አንድ መስመር ሳያነብ በየቀኑ በብርሃን መልእክት ሲለዋወጥ ይውላል።

ይህ መንገድ ከንግድ የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል ለመረዳት የቅርቡን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በተስፋፋ ጊዜ፥ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ነበር። በነዚያ ሳምንታት የስልክ ግንኙነት ተቋርጦ፥ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ ብዙ ሰዎች የእናታቸውን የአባታቸውን ድምፅ መስማት አልቻሉም። በየሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ያን ጊዜም ካሜራው ይሠራ፥ ገጹም ያበራ ነበር። ነገር ግን መስመር ከሌለ ስልኩ ሞተ ብለን ማሰብ ስለ ለመድን፥ ሊሠራ የሚችለውን አላስተዋልንም።

ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። አንድ ትልቅ የኪውአር ምልክት እስከ 2,953 ባይት ይይዛል፤ ይህም በእኛ ፊደል ሲቈጠር 984 ፊደል ያህል ነው። ከመንደር የሚወጣ አንድ እግረኛ ይህን ምልክት በቍራሽ ወረቀት ይዞ ቢሄድ፥ የብዙ ቤተ ሰብን ስምና ደኅንነት በእርሱ ውስጥ ያደርሳል። ሁለት ሰዎች ስልኮቻቸውን ፊት ለፊት አድርገው ምልክቶቹን ተከታትለው ቢያሳዩ፥ የሕመምተኛ መዝገብ ወይም የተማሪ ውጤት ያለ አንዳች መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የመጀመሪያው መልእክተኛ እግርና የመጨረሻው መልእክተኛ ብርሃን በዚህ ዐይነት አብረው ይሠራሉ።

ጦሳ የሚያስተምረው ትምህርት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ብርሃንን ለማመስገን ብቻ የተነገረ እንዳይመስል፥ ወሰኑንም መናገር ይገባናል። ለዚህ ከገራዶ የተሻለ አስረጂ የለም። በገራዶና በደሴ መካከል የጦሳ ተራራ ቆሟል። ከደሴ የሚበራ መብራት ምንም ያህል ቢደምቅ ገራዶ አይደርስም። ብርሃን በቀጥታ ይሄዳል እንጂ እንደ ሬዲዮ ሞገድ ግድግዳ አልፎ አይገባም። በክረምት ጕም ተራራውን ባለበሰ ጊዜ ደግሞ በቅርብ ያለውም መብራት ይደበዝዛል። ፍጥነቱም ቢሆን በካሜራ የሚቀበሉት መልእክት ከዋይፋይ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ብርሃን የሽቦንና የሬዲዮን ስፍራ ይወስዳል የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል።

ነገር ግን ከግድግዳ አለማለፉ ጕድለት ብቻ ሳይሆን ክብርም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተላከ መልእክት ከዚያ ክፍል አይወጣም። በደሴ ሆስፒታል እያንዳንዱ ክፍል በመብራቱ የራሱን ስም ቢናገር፥ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የታወረ በሽተኛ ስልኩ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ «ይህ የመድኃኒት ክፍል ነው» ሊለው ይችላል። በደሴ ሙዚየም ከእያንዳንዱ ዕቃ በላይ ያለው መብራት የዕቃውን ታሪክ ለጎብኚው ሊነግር ይችላል። ለነዚህ ሥራዎች ታላቅ ፍጥነት አያስፈልግም፤ አጭር ቃል በትክክለኛው ስፍራ መድረሱ ይበቃል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በነጋዴው ምልክት ላይ ሌላ ምልክት ቢለጠፍ ገንዘቡ ወደ ሌባ ኪስ ይገባል። ካሜራው የታየውን ያነባል እንጂ የላኪውን ልብ አይመረምርም። ስለዚህ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት በገጹ ላይ የሚታየውን ስም ያንብብ፤ መልእክት የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ይጨምርበት። ማንበብና ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆን ሥራም አለ። በወይዘሮ ስሂን ስም በሚጠራው የደሴ ነባር ትምህርት ቤትም ሆነ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ይህን ጥበብ ለመሞከር ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ ትንሽ ኤልኢዲ፥ እርሱን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ርካሽ መቈጣጠሪያ፥ አንድ ስልክ ይበቃል። ተማሪው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በብርሃን ልኮ በካሜራ ሲቀበል፥ የብርሃንን፥ የኤሌክትሪክን፥ የቍጥርንና የፊደልን ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል። የአጭሩን ሠንጠረዥ ጥያቄ ለመፍታት የሚነሣውም እንዲህ ያለው ተማሪ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ብርሃን ጽሑፍ ተሸክሞ ወደ ወሎ በመጣ ጊዜ የላከው እንግዳ፥ ያነበበው እንግዳ፥ ፊደሉም የእንግዳ ነበር። ዛሬ መብራቱ በቤታችን፥ ዓይኑ በኪሳችን ነው፤ ፊደላችንም በዓለም መዝገብ ተጽፏል። የቀረው በመካከላችን የሚደረገው ስምምነት ነው፤ እርሱን ግን ከውጭ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም። ጦሳን ማንም አያነሣውም፤ ነገር ግን ከጦሳ ራስ ላይ ቆሞ ወደ ሁለቱም ወገን የሚያይ ሰው የደሴንም የገራዶንም መብራት ያያል። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ማሠልጠን የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የመምህራንና የተማሪዎች ሥራ ነው።